ግራኝ ሆኖ ኢታሊክ ብዕር ለሚገዛ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኢታሊክ ብዕር (ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ቀጭንና ወፍራም መስመር ስለሚያወጣው የቀለም ብዕር) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ አንዲት መስመር ግን ከነከነችኝ። «ግራኞች ኦብሊክ ጫፍ ቢገዙ ይመረጣል» ትላለች። ለእኛ የደረሰን ምክር ይህችው ናት።

እኔም ግራኝ ነኝ፣ ይህንኑ ሰምቼ ገዝቼ አውቃለሁ። ኦብሊክ የሚባለው ጫፉ ሰያፍ ሆኖ የተቆረጠ ነው፣ ብዙ ጊዜ 15 ዲግሪ ገደማ። «የግራ እግር» እና «የቀኝ እግር» እየተባለ ይለያል። ስሙ የወጣለት የእግር ጣቶች ሲደረደሩ ከሚሠሩት ሰያፍ ነው፣ ከእጅ ጋር ምንም አያገናኘውም። እኔ ሞኙ «የግራ እግር» ሲሉኝ ለግራ እጅ መስሎኝ ገዛሁ። አንዱ ጠርዝ ወረቀቱን ሲነካ ሌላው አየር ላይ ይቀራል፣ ቀለሙ እየተቆራረጠ አበሳዬን አሳየኝ።

ደግሞ ግራኝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይጽፍም። አንዳንዱ እጁን ከመስመሩ በታች ያሳርፋል፣ አንዳንዱ እዚያው መስመሩ ላይ፣ ሌላው አንጓውን አጥፎ ከላይ ይመጣል። ከታች የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዘመም ካደረገው ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ተራ ኢታሊክ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፣ እጁም ቀለም አይነካም። መከረኛው መስመሩ ላይ የሚጽፈው ነው፤ አሁን የጻፈውን መዳፉ እየተከተለ ይጠርግበታል፣ ሰፊ ጫፍ ደግሞ ቀለም ስለሚያበዛ ቶሎ አይደርቅም። እሱ መጀመሪያ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ይፈልግ፣ ጫፉ ይደርሳል።

የጠርዙም ነገር አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ሲጻፍ ቀኝ እጅ ብዕሩን ይጎትታል፣ እኛ እንገፋለን። ጠርዙ ሹል የሆነ ኢታሊክ ሲገፋ ወረቀቱን ይቧጥጣል፣ አንዳንዴም የወረቀቱን ቃጫ ነቅሎ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለጀማሪ ግራኝ ጠርዙ የተሞረደውን፣ ስተብ የሚሉትን እመርጥለታለሁ። የቀጭኑና የወፍራሙ መስመር ልዩነት ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን ይጻፍበታል! ከርሲቭ ኢታሊክ የሚባለው በሹሉ ኢታሊክና በስተብ መሃል ነው፣ እጅ ሲለምድ ይደረስበታል።

ስፋትም ላይ አትቸኩሉ። በኢታሊክ አጻጻፍ የትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ቁመት የጫፉን ስፋት 5 እጥፍ ያህል ነው። 1.5 ሚሊሜትር የገዛ ሰው 7.5 ሚሊሜትር ቁመት ሊጽፍ ነው፣ በተሰመረ ደብተር ላይ የት ያስገባዋል? ላሚ የሚባለው የጀርመን ብዕር ሠሪ 1.1፣ 1.5 እና 1.9 ሚሊሜትር ጫፎች አሉት፣ ተነቅለው ስለሚቀየሩ ብዕሩን ሳይለውጡ መሞከር ይቻላል፤ ከ1.1 መጀመር ነው። ለግራኝ ብሎ የሚሸጠው ጫፉ ግን ኢታሊክ አይደለም፣ በስሙ እንዳትሸወዱ።

እግረ መንገዴን፦ ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ብዕር የያዘው እጅ ቀኝ ነው።

ግራኙ አንባቢያችሁ