ሲጋራዋን ተዋት

ማሙሽዬ እንዴት ነህልኝ፣ እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። አክስትህ ቅዳሜ የምትዘፍንበት ሬስቶራንት መጥታ እንደነበር ደውላ ነገረችኝ፣ አድንቃህ አልጠገበችም፣ ከዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በእረፍት ሰዓት ውጪ ቆሞ ሲያጨስ አገኘሁት፣ ድምፄን ያወፍርልኛል አለኝ» አለች። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ሲጋራዋን ተዋት።

ይቺን ወሬ ከማን እንደሰማሃት አውቃለሁ፣ ከኔ ነው። ሆቴል ፒያኖ ስጫወት አሜሪካዊው ዘፋኝ ናት ኪንግ ኮል ነበር አርአያችን፣ ድምፁን እንዲህ ያደረገለት ሲጋራው ነው እንባባል ነበር፣ እሱ ራሱም ያምንበት ነበር ይባላል፣ በቀን ሁለት ሶስት ፓኮ ያጨሳል። መጨረሻውን ግን አናወራም። እ.ኤ.አ 1919 አላባማ የተወለደ የሰባኪ ልጅ፣ ፒያኖ ከእናቱ የተማረ፣ መጀመሪያ በሶስት ሰው ባንድ ፒያኖ ተጫዋች እንጂ ዘፋኝ ተብሎ እንኳን የማይታወቅ፣ በ1956 በርሚንግሃም መድረክ ላይ እየዘፈነ ነጮች ዘለው ወጥተው ጣሉት፣ በዛው ዓመት የራሱን የቲቪ ሾው ጀመረ፣ ጥቁር ስለሆነ በመላው አገር ስፖንሰር የሚሆነው ጠፍቶ በዓመቱ አቆመው፣ ያን ሁሉ ችሎ በ1965 በሳንባ ካንሰር ሞተ፣ ገና በ45 ዓመቱ። ልጁ ናታሊ 15 ዓመቷ ነበር። በ1991 የድሮ ድምፁን ከራሷ ጋር አዋህዳ «አንፎርጌተብል»ን አብራው ዘፈነች፣ ሰው ሁሉ ሲያምር ይላል፣ እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም፣ እሷ ትመልስለታለች እሱ አይሰማትም።

ሰባት ዓመትህ እያለ ሱቅ እልክህ ነበር አይደል፣ ሁለት ፍሬ ሲጋራ፣ መልሱ ላንተ ከረሜላ። አንድ ቀን ዝናብ ደብድቦህ መጣህ፣ ሲጋራዎቹን ብብትህ ስር ሸጉጠህ፣ አንተ ጨቅይተህ እነሱ ደረቅ። እኔም ጎበዝ ብዬህ ለኩሼ ቁጭ አልኩ፣ ፎጣ እንኳን አላቀበልኩህም፣ እናትህ ናት ያደረቀችህ። ሌሊት ሳል ሲያስነሳኝ የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

በል አሁን ሐኪም ቤት ሂድና የደረት ራጅ ተነሳ፣ ኢንሹራንስ አለህ፣ ሰነፍ አትሁን! ዝፈን፣ መዝፈንህን አልጠላሁም፣ ሲጋራዋን ተዋት ነው ያልኩት። በሰው የላክንልህን በርበሬ ፍሪዘር ውስጥ አድርገው። እሁድ ደውል፣ በኛ ሌሊት አይሁን፣ እናትህ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ስለ ሲጋራውም እሷ ጋ ትንፍሽ እንዳትል፣ እኔ አልነገርኳትም።

አባትህ