መሲ፣ ሰርቪስ ተመደበልን

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ ለመሲ፤

እንደምን ከርመሻል? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ክርክር ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። እህትሽን ስታዲየም አካባቢ አግኝቻት ሐዋሳ ላይ የሰው ሀብት ኃላፊ መሆንሽን ነገረችኝ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። የፈቃድ ፎርም ይዘሽ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተቺ ነው ትዝ ያለኝ። አሁን ፈራሚዋ አንቺ ሆንሽ ማለት ነው!

እስቲ የኛን ቤት ወሬ ልንገርሽ፤ ለሥራሽም ሳይጠቅምሽ አይቀርም። የካዛንቺሱ ቢሯችን በኮሪደር ልማቱ ተነስቶ አሁን ለገሃር ነን። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እንደመጡ “የሠራተኛ ደህንነት ኮሚቴ” የሚባል አቋቋሙ። መጀመሪያ የተገዛው ምን ይመስልሻል? የፒንግፖንግ ጠረጴዛ! ኳሷ ጥቂት ቀን ቋ ቋ ስትል ሰነበተች። ኦዲት ሲደርስ የሒሳብ ክፍሎቹ ቦክስ ፋይል ደረደሩበት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ቀጥሎ የአእምሮ ጤና ሥልጠና መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ልብ በይ፣ ቅዳሜ። አሠልጣኙ ጎበዝ ናቸው፤ አልዋሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ብለው፣ በድባቴና በጭንቀት የተነሳ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይባክናል ሲሉን ሁላችንም ክው አልን። “እባካችሁ እረፉ” ብለው ጨረሱ። የዚያኑ ዕለት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ “ሪፖርቱ እስከ ነገ ይድረሰኝ” ብለው ጻፉ። ነገ እኮ እሁድ ነው መሲ!

ሰውን በእውነት የቀየረው ሰርቪሱ ነው። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ሠራተኛው መሀል ከተማ አይኖርም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ኮንዶሚኒየሙን፣ ያልደረሰው ረከስ ያለ ኪራይ ተከትሎ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ገብቷል። የመንግሥት ሠራተኛው ፐብሊክ ሰርቪስ አለው፤ መታወቂያውን አሳይቶ በነፃ ይሳፈራል። እኛ የግሎቹ ጉልበታችንን ታክሲ ሰልፍ ላይ ጨርሰን ነበር ቢሮ የምንገባው። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር በሰላም ይሠራል? የጠዋቱ ኩርፊያ ሁሉ ከአለቃ የመጣ ይመስለን ነበር። ለካ ግማሹ ከታክሲ ተራ ነበር የሚመጣው።

አሁን ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ኮስተር መኪናቸውን ይዘው ከቱሉ ዲምቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳሉ። አንዴ ክላክስ ካደረጉ አይጠብቁም። ፍቅርተን ታስታውሻታለሽ፣ የግዢ ክፍሏን? ጋቢዋን ተከናንባ እስከ ጎተራ ትተኛለች። ማንም አይቀሰቅሳትም። የመሀል ወንበሮቹ ደግሞ እቁብ ጀምረዋል። ደሞዝ በወጣ ማግስት ቃሊቲ ላይ ዕጣ ይወጣና ሳሪስ እስክንደርስ “አበድሪኝ” ይጀመራል። ማታም ልጆቻችን ሳይተኙ ቤት እንደርሳለን። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ምን ደህንነት አለ?

ልጆቻችን ስል… አዎ፣ ወልጃለሁ! በደብዳቤ መሀል መስማትሽ አይክፋሽ። ሴት ናት፤ ቢታንያ ብለናታል። አሁን እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው የምትውለው፤ የሕፃናት ማቆያ ተከፍቶልናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ሐኪሞቹ ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይላሉ። ታዲያ ከ3 እስከ 6 ወር ያለውን ማን ይሙላው? አንቺ የመጀመሪያሽን ወልደሽ ስትመለሺ ሽንት ቤት ቆመሽ ወተትሽን ስታልቢ ነበር የምንጠብቅሽ። እኔ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አንድ ፎቅ ወርጄ አጠባታለሁ። ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ለራሳቸው ቢሮ አስበውት ነበር አሉ። ግድግዳው ላይ በየልጁ ስም ማንጠልጠያ አለ፤ የቢታንያ ዝቅ ያለው፣ በሩ አጠገብ ያለው ነው። አጥብቼ ስመለስ ፊቴ ሌላ ነው ይሉኛል።

የአባቶቹ ነገር ግን ገና ነው። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ 10 የሥራ ቀን አገኘ። እኛ ቢሮ ያለው ዮናስ ሚስቱ በኦፕራሲዮን ወልዳ 3 ቀን ብቻ ተሰጠው። ሕጉ ነው አሉት። ሕጉ መች ከዚያ በላይ አትስጡ አለ?

የዓመት ፈቃድ ተስተካክሏል፤ ስትሰሚ ሳትናደጂ አትቀሪም። ያንቺ “ይተላለፍ” እየተባለ የከረመው ማለቴ ነው። አሁን ሁሉም መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በብር እንለውጠው የሚሉም አሉ፤ ሥራ ላይ እያሉ ግን ሕጉ አይፈቅድም። ግሩፑ ላይም ከ12 ሰዓት በኋላ ሥራ አይጻፍም ተብሏል። አምስት ሳንቲም አልወጣበትም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እየረሱ ይጽፉና ቶሎ ያጠፉታል። ክበቡም በድጎማ ተከፍቷል፤ ሽሮው ጥሩ ነው፣ ሌላውን አትጠይቂኝ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ማቆያውን ጠዋትና ማታ የምትወለውለው እመቤት የሁለት ዓመት ልጅ አላት። ጎረቤት ጥላው ነው የምትመጣው። ማቆያው ውስጥ ባዶ አልጋ እያለ! የኤጀንሲ ሠራተኛ ናት፤ ስለዚህ “በእኛ ስር አይደለችም”። ሰርቪሱም ላይ ስሟ የለም። ወንበር ከተረፈ ጋሽ ታደሰ ያሳፍሯታል፤ ከሞላ ትቀራለች። ጥበቃዎቹም እንደዚያው ናቸው። ስብሰባ ላይ ሳነሳው የሕግ ክፍሉ ምን አለ መሰለሽ? ጥቅማጥቅም ከሰጠናት ነገ የእናንተ ሠራተኛ ነኝ ብላ ትከሰናለች አለ። ልጆቻችን የሚድሁበትን ወለል የምታጸዳው ማን ናት ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እመቤት ያን ሰዓት ሻይ እያቀረበችልን ነበር። አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

እና ከፍቅርተ ጋር ሆነን ማመልከቻ እያዘጋጀን ነው። ብዙ ሰው ይፈርማል፤ ሰርቪስ ላይ ወሬው አልቋል። አንቺ ወንበሩ ላይ ስላለሽ አንድ ነገር እርጂኝ። እናንተ ጋ ጽዳቶቹና ጥበቃዎቹ በማን ስር ናቸው? ከኤጀንሲው ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ሰርቪስና ማቆያ ማስገባት ይቻላል? እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለው ውል ካገኘሽ የድርጅቱን ስም ሸፍነሽ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ። ስብሰባው ሰኞ ስለሆነ እስከ ዓርብ ቢደርሰኝ ጥሩ ነው። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው ቲጂ
ለገሃር፣ አዲስ አበባ