ለልጄ ሊዱን አሳይልኝ

ወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ልጆቹና እናታቸውስ? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ አሁን ለጉዳዬ ስጽፍልህ ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እቀበላለሁ። ዛሬ የምነግርህ ደስታ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። ልጄ ጊታር ይዛለች፤ ያውም ዜማውን የሚያወጣውን ሊድ ጊታር!

ነገሩ የመጣው ከአንድ ሸክላ ነው። እዚሁ ታኮማ ውስጥ አሮጌ ሸክላ ከሚሸጥበት ሱቅ የጊታር ባንዱን የቬንቸርስን «ጎልደን ግሬትስ» አገኘሁ፤ በፈረንጆቹ 1967 የወጣውን የምርጥ ሥራዎቻቸውን ስብስብ። አዎን፣ እነዚያው ቬንቸርስ፣ በኪነቱ ዘመን ካሴቱ እስኪላላ ያስደገምከን። ለካ የምኖርበት ከተማ ልጆች ኖረዋል! ዶን ዊልሰንና ቦብ ቦግል በ1958 ሲጀምሩ የግንባታ ሠራተኞች ነበሩ። አንተ ነፍስህን የምትሰጥለትን «ወክ ዶንት ረን»ን የደረሰው ጃዝ ተጫዋቹ ጆኒ ስሚዝ ነው፤ እነርሱ የሰሙት ጊታሪስቱ ቼት አትኪንስ ሲጫወተው ነው። ያን የረቀቀ ዜማ በሁለት ጊታር፣ በቤዝና በድራም አቅልለው አከነፉት። ዶልተን የተባለው የሲያትል ሸክላ አሳታሚ ግን አልፈልግም አላቸው። ይኼኔ የዶን እናት ጆሲ ዊልሰን ራሳቸው «ብሉ ሆራይዘን» የሚባል ማሳተሚያ አቋቁመው ሸክላውን አወጡት። አንድ የሲያትል ሬዲዮ ከዜናው ጋር እያያያዘ ቢያሰማው ከተማው ወደደው፤ ዶልተንም ተመልሶ መጣ። ሸክላው በ1960 በመላው አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። እኒያ እናት ከሐሳቤ አልወጣ ብለውኛል።

ምክንያቱም ልጄ ትምህርት ቤት ከቀየረች ወዲህ ዝምተኛ ሆናብን ነበር። በሯን ትዘጋለች፣ እራት ላይ አንገቷን ትደፋለች፤ እናቷም እኔም ጨንቆን ከርሟል። ሸክላውን ሳሎን ከፍቼ ሳዳምጥ ግን ወጥታ ቆመች። «አባዬ፣ ይህንን ማን ነው የሚጫወተው?» አለችኝ። አሁን ማታ ማታ አብረን ነን። እኔ ሪትሙን እይዛለሁ፤ ኮርዶቹም፦ ከኤ ማይነር ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ኤፍ፣ ከኤፍ ወደ ኢ። ኤፍ ላይ አመልካች ጣት ክሮቹን በሙሉ መደፍጠጥ አለበት፤ እስኪያቃጥለኝ እጫነዋለሁ። እርሷ ከላይ ዜማውን ታወጣለች። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሊዱን ነው፤ እኔ ግን ስብስቡን ደጋግሜ ስሰማ ያ ሁሉ ዝና የቆመው ሪትሙን በሚመታው በዶን ቀኝ እጅ ላይ መሆኑ ይሰማኛል። (አንተ በዚህ እንደማትስማማ አውቃለሁ። ሊድ ተጫዋች መቼ ይስማማል!)

የቸገረን የቦግል ማንቀጥቀጫ ነው፤ ያቺ ክሮቹን ላላ ጠበቅ የምታደርገው ክንድ። ልጄ ትጫናታለች፣ ድምፁ ግን እንደ እርሱ አይንሳፈፍም። ማስተማሪያ ቪዲዮ ሞልቷል፤ እኔ ግን ከአንተ እጅ እንድታየው እፈልጋለሁ።

እና... ጊታሩን ካስቀመጥከው እንደቆየህ ሰምቻለሁ። ድራመራችን ካረፈ ወዲህ እንደሆነም ነግረውኛል። ለቅሶውን አብሬህ አልተቀመጥኩም። ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ምን እንደምልህ ስለሚጠፋኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር፤ የዝምታዬ ምክንያት ሌላ አይደለም። ቬንቸርሶችም ድራመራቸውን ቀብረዋል። ሜል ቴይለር በ1996 ሲሞት ዱላውን ልጁ ሊዮን ተረከበ፤ ቡድኑም ቀጠለ። ዶንም በ2022 እዚሁ ታኮማ አረፈ። ይህን የምጽፍልህ ላጽናናህ ብዬ ነው ወይስ ልለምንህ፣ እኔም አልለየሁትም። ምናልባት ሁለቱንም።

ብቻ እምቢ አትበለኝ። እኔ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን አንተ ዘንድ መሽቷል፤ በቪዲዮ እንደውልልህ። ልጅቷ አንተን የምታውቅህ ከፎቶግራፉ ነው፤ ያን ሰፊ ሱሪ ለብሰህ የተነሣኸውን። «አጎቴ ዛሬም እንዲህ ይለብሳል?» ብላ ጠይቃኛለች፤ መልሱን ለአንተ ትቼዋለሁ። ክሮቹ ዝገው ከሆነ ቀይራቸው፤ ዋጋውን እኔ እልካለሁ። ቀጭኗን ክር ደግሞ ሁለት አድርገህ ግዛ፤ ስትቃኝ እንደምትበጥሳት አልረሳሁም።

ያንተው