ካሜራዬ አልተበላሸም ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታዬን የማሳጥረው፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ፊቴን ስደብቅሽ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ያልኩሽ ውሸት ስለሆነና እሱን ሳልናዘዝ ሌላ ነገር መጻፍ ስላቃተኝ ነው። ከሠርግሽ በፊት ለግንባርሽና ለብብትሽ ላብ ቦቶክስ፣ ያንን ጡንቻን የሚያስተኛና ላብን የሚያግድ መርፌ፣ ልወጋ ብለሽ የጠየቅሽኝን ገንዘብ ዛሬ ጠዋት ልኬልሻለሁ፤ ከባንክ ከማውጣትሽ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የምሠራበት የቆዳ ክሊኒክ ለአዲስ ነርሶች የቦቶክስ መርፌ አወጋግ ሲያስተምር፣ ከሠራተኞች መካከል ግንባሩን በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ደንበኛ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍልበት ነገር በነጻ ሲቀርብልኝ፣ በቅንድቦቼ መካከል ያለውን መስመር አስቤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ በስልክ ባየችኝ ቁጥር «ምን ያስከፋሻል?» የምትለኝ በእሱ ምክንያት ነውና፣ መስመሩ ቢጠፋ ጥያቄውም የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ለዚያ ቦታ የሚሰጠው በ5 ነጥብ የተከፋፈለ 20 ዩኒት (የመድኃኒቱ መጠን መለኪያ) ነው፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ዓይኔ ወርዶ ኖሮ በሳምንቱ የግራ ዓይኔ ቆብ እስከ ግማሽ ተደፋ። መድኃኒቱ የነርቩ መልእክት ወደ ጡንቻው እንዳይደርስ የሚያግድ በመሆኑ ወዳልታሰበለት ጡንቻ ከፈሰሰ እሱንም ያስተኛዋል፤ ማፍረሻ የለውምና ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ብቻ ነው። አሁን ሊቃና ጥቂት ቀርቶታል፤ ሁለተኛውን ሥራዬን ጨርሼ ስገባ ብቻ ይከብደዋል። ሥራው ግን አይከብድም፤ ይህን ለእማዬ እንደ ነገርኳት አንቺም እንደዚያው ንገሪያት።

እንግዲህ «ራሷ ተወግታ እኔን ትከለክለኛለች» እንዳትይኝ። ለግንባርሽ ያልሽውን አልደግፍም፤ በ3 ወይም በ4 ወር ይለቅና እንደገና ክፈይ ይልሻል፤ አንቺም ገና ምንም የለብሽም። የብብትሽ ነገር ግን ሌላ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ በሙቀት ጥቁር ሹራብ የምትለብሺበትን ምክንያት የማውቅ እኔ ነኝ፤ አባባም ሲጽፍ ወረቀቱ እንዳይርስ ከእጁ ሥር መሐረብ ያነጥፍ ነበር፤ ላቡ የዘር ነው። እዚህ አገር መድኃኒቱ በፈረንጆች 2002 ለቅንድብ መካከል፣ በ2004 ደግሞ ለብብት ተፈቅዷል። ዕቃውን የማሰናዳው እኔ ስለሆንኩ ሥራውን በቅርብ አያለሁ። ብብቱ ላይ አዮዲን ይቀባና ሲደርቅ ስታርች ይነሰነስበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ላብ የሚወጣበት ሥፍራ ብቻ ጤፍ እንደ ተበተነበት በጥቋቁር ነጠብጣብ ይሞላል፤ ሐኪሙም ያንን በእስክሪብቶ ከብቦ ለእያንዳንዱ ብብት 50 ዩኒቱን ከ10 እስከ 15 ቦታ ያዳርሰዋል። ብዙዎቹን ስድስት ወር ያህል ያቆያቸዋል። ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነውና፣ ሠርግሽ ጥር 17 ስለሆነ ከታኅሣሥ 25 አታሳልፊው። መዳፍሽን ለጊዜው አታስነኪ፤ በጣም ያማል፣ ጣትንም ሊያደክም ይችላል፤ በሠርግሽ ዕለት ድፎ ዳቦ ስትቆርሺ ቢላዋው ከእጅሽ እንዲወድቅ አልፈልግም። እርጉዝ ሴትም አትወጋውም፤ ይህን የጻፍኩት ለማሳወቅ ያህል ነው እንጂ እየጠየቅሁሽ አይደለም።

ጓደኛሽ የጠቆመችሽ፣ ቤት ለቤት እየዞረች በርካሽ የምትወጋው ሴት ዘንድ ግን እንዳትሄጂ እለምንሻለሁ። በፈረንጆች 2024 እዚህ አሜሪካ በተለያዩ ግዛቶች ሰዎች ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች እጅ ወይም ሕክምና ቤት ባልሆነ ቦታ ተወግተው ታመዋል፤ ሆስፒታል የገቡም አሉ፤ ከመካከላቸውም ሐሰተኛ መድኃኒት የተወጉ ነበሩበት። መዋጥና መተንፈስ የሚያስቸግር መርዝ ነው እኮ፤ መድኃኒት የሚሆነው በመጠኑና በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። አለርት ሆስፒታል ሄደሽ የቆዳ ሐኪም አማክሪ፤ ምናልባትም አስቀድሞ የሚቀባ የአሉሚኒየም ክሎራይድ መድኃኒት ያዝልሽና መርፌው ላያስፈልግሽ ይችላል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «እማዬም እንደኔ ሆናለች፤ ሌሊት አንሶላዋን የሚያርስ ላብ ያልባታል» ብለሽ ስቀሻል። እኛ ዘንድ ለላብ የመጣን ሰው ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ተኝተሽም ያልብሻል?» ብሎ ነው፤ የእኔና የአንቺ ዓይነቱ ላብ ስንተኛ ይተወናል፤ በእንቅልፍ የሚመጣው ግን የሳንባ ነቀርሳ፣ የታይሮይድ ዕጢ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ቀሚሷ ሰፍቷት ያየሁትም በፎቶ ነው፤ አጠገቧ ብሆን ኖሮ በእጄ ለክቼ አውቀው ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ አላለቀምና ሠርግሽ ላይ እንደማልገኝ ታውቂያለሽ፤ ቢያንስ ይህን አድርጊልኝ፤ ከገንዘቡ አስቀድመሽ የእማዬን የደምና የራጅ ምርመራ አስጨርሺ፤ ለአንቺ የሚጎድለውን በወሩ መጨረሻ እጨምራለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እደውላለሁ፤ እዚህ ሌሊት ይሆናል። ካሜራውንም እከፍተዋለሁ። እማዬ ዓይኔን አይታ ከጠየቀች «እንቅልፍ አጥታ ነው» በያት፤ ውሸት አይሆንብሽም።

እህትሽ