የጅማ ባቡር ሲታቀድ ድንኳን ለሚተክለውም ይታሰብ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሀገር ውስጥ ጉብኝት የምታወጧቸው ጽሑፎች አያመልጡኝም። ስለ ሀላላ ኬላና ስለ ዝሆን ዳና ሎጅ ያነበብኩትን ለተፈጥሮ ክበባችን ተማሪዎች ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። ሁለቱም ከጅማ ሲታዩ ሩቅ አይደሉም። አንብቤ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ብንሄድ የት እናድራለን?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። በመምህር ደመወዝ የሚኖር ሰው ልጆቹን ይዞ ሎጅ ማደር አይችልም፤ የቡና ለቃሚ ልጅማ ጭራሽ አያስበውም። ድንኳን ተክሎ ማደር ግን ይችላል። ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ፣ አቅሙ በሚፈቅደው ትኬት ሄዶ፣ ሁለት ሌሊት ዛፍ ሥር አድሮ መመለስ ይችላል። የሚጎድለው የሚያደርሰው ባቡርና የሚያድርበት ሜዳ አንድ ላይ መታሰባቸው ነው።

ይህን ሳነሳ «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉኝ አሉ። ድንኳን ስንል ቶሎ የሚታየን ሰርግና ለቅሶ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ከዓመታት በፊት የክበቡን ድንኳኖች በባጃጅ ጭኜ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነፍስ ይማር፣ ማን ነው ያረፈው?» ብሎኛል። ነገር ግን የከተራ ዕለት ታቦት አጅቦ ድንኳን ሥር የማያድር ማን አለ? ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ጎረቤቶቻችንስ ሜዳ ላይ ማደርን ከማን ተማሩት? እናቴ በልጅነቷ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ልታደርስ ከአያቴ ጋር የሄደችው በባቡር ነበር። ድሬዳዋ ወርደው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ቁልቢ ኮረብታው ላይ ድንኳን ተክለው ሁለት ሌሊት አድረዋል። ዳቦ ቆሎው ሳይቀር እንዴት እንደተቋጠረ እስከ ዛሬ ትነግረኛለች። በባቡር ሄዶ ድንኳን ውስጥ ማደር ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም።

የጥንቱ ባቡርም ቢሆን ማደሪያን አልዘነጋም። በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1909 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት ሰው አይጭንም ነበር። መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ነበር የሚጓዘው። አዋሽ ላይ ከጣቢያው አጠገብ የተሠራው ሆቴል የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ሰው ከባቡር ሲወርድ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከሐዲዱ ጋር አብሮ መልስ አግኝቶ ነበር።

አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ፣ በ2010 ታኅሣሥ ላይም መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር በጣም ተደስቼ ነበር። በ2011 የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ሁለት መምህራን ሆነን አሥራ አራት ተማሪዎችና አምስት ድንኳን ይዘን ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተጓዝን። ከልጆቹ አንዱም ባቡር አይቶ አያውቅም። ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄድን፤ ድንኳኖቹ ፖርቶመጋላ ላይ ከጆንያ ሥር ተጭነው የሁለቱ ዘንግ ተሰብሮ ደረሰ። በማግስቱ ለቡ ላይ ባቡር ስንሳፈር ግን ዕቃችንን ሁሉ ይዘን ገባን። ብርድ ልብሱ፣ ብረት ድስቱ፣ የውሃው ጀሪካን ዓይናችን ሥር ነበር። ልጆቹ እንደልባቸው ቆመው ሞጆን አዩ፣ አዳማን አዩ። በሰቃ ሐይቅ ጋ ስንደርስ ውሃው እየሰፋ መጥቶ የድሮውን ሐዲድና አስፋልቱን እንዴት እንዳስቸገረ መጽሐፍ ሳልገልጥ አስተማርኳቸው። በስድስት ዓመት ክፍል ውስጥ ያልሰጠሁትን ትምህርት በአንድ መስኮት ሰጠሁ።

ችግሩ የጀመረው ከባቡሩ ስንወርድ ነው። ከጣቢያው እስከ ፓርኩ በር፣ ከበሩም እስከ ፏፏቴው አካባቢ ድንኳን እስከሚተከልበት ቦታ የሚወስድ የሕዝብ ትራንስፖርት አልነበረም። ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን፤ የተጠየቅነው ዋጋ ከአሥራ ስድስታችን የባቡር ትኬት ይበልጥ ነበር። የመመለሻው ቀን ደግሞ ያ ሚኒባስ ሳይመጣ ቀረ። ባቡሩ አመለጠን፤ በዚያን ጊዜ በየቀኑ ስለማይመለስ በአስፋልቱ ዳር ቆመን ባገኘነው አውቶቡስ ተከፋፍለን ተመለስን። እኔ ከመጨረሻዎቹ አራት ልጆች ጋር አዲስ አበባ ስገባ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ወላጆች እየደወሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ክበቡ ሌላ ጉዞ እንዲፈቀድለት ስጠይቅ የሚነሳብኝ ያ ሌሊት ነው።

በመካከል ያለው ሁለት ሌሊት ግን ከልቤ አይወጣም። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ካስማው አልገባ ሲለን ልጆቹ ገመዱን በድንጋይ እያሰሩ ወጠሩት። አብሮን ያደረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) የአዞ ነገር ስላለ ከወንዙ ዳር እንዲርቁ በተራ በተራ አስጠነቀቃቸው። ጠዋት ላይ ከሜዳው ማዶ የሳላ መንጋ ሲያልፍ አንዱም ልጅ ቃል አልተነፈሰም። ማታ ማታ ከሩቅ የጭነት ባቡሩ ድምፅ ይመጣ ነበር። ሐዲዱ ያን ያህል ቅርብ ነው። የሚያስፈልገው ትኬቱን ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚያያይዝ አንድ አውቶቡስ ብቻ ነበር። ፈንታሌ በ2017 ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ያሰብኩት የዚያን አካባቢ ሰውና ያንን ስካውት ነው።

ኬንያን ተመልከቱ። የናይሮቢ ሞምባሳ አዲስ ሐዲድ የተመረቀው ከእኛው በጥቂት ወራት ዘግይቶ፣ በተመሳሳይ ዘመን ነው። በየጣቢያው የሚቆመው ባቡራቸው ቮይ ላይ ይቆማል፤ ቮይ የጻቮ ምሥራቅ ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ማንም ከፍሎ ድንኳን የሚተክልበት የሕዝብ ካምፕ አለ።

ወደ ጅማ ልመለስ። ከአዲስ አበባ በእጃጂ አድርጎ ጅማ የሚደርስ፣ ከዚያም ወደ ጉራፈርዳና ዲማ የሚዘልቅ፣ አንድ ቅርንጫፉ ወደ በደሌ የሚሄድ መስመር ከ2003ቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጀምሮ በወረቀት ላይ አለ። ሐዲዱ አልመጣም። አሁን የምጽፈውም ስላልመጣ ነው፤ ጣቢያ አንዴ ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ ማንም አያዛውረውም። ስለ ጅማ ባቡር በተነሳ ቁጥር የምሰማው የቡና ጭነት ነው። ቡናው መብቱ ነው፤ ይጫን። ግን ከሰቃ ከተማ አልፎ ሸቤ ሳይደርስ በቦንጋ መንገድ ግራና ቀኝ የሚዘጋው «በለጠ ጌራ» የሚባለው ጫካስ? ዝግባውና ቀረሮው፣ ጉሬዛው፣ ከሥር በራሱ የበቀለው ቡና የት ይገኛል? የአዲስ አበባ ልጅ ዓርብ ተሳፍሮ እሑድ ሊመለስበት የሚችል ጫካ ነው።

ካምፕ ሲባል ብዙ አልጠይቅም። ውሃ የማይተኛበት ሜዳ፣ ዙሪያው ቦይ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ፣ እሳት የሚነድበት የተለየ ስፍራ፣ የሚያድር ጠባቂ። የእኛ ቀይ አፈር ካስማ እንደ ቅቤ ይቀበላል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። እዚህ ላይ ከሩቅ ሆኖ የሚያቅድ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ያ ወቅት ቡና የሚለቀምበት ነው። በለቀማ ሰሞን ጫካ ውስጥ የሚገኝ እንግዳ ሰው በሌባ ዓይን ነው የሚታየው፤ ገበሬው የዓመት ልፋቱ ዛፍ ላይ ነውና አይፈረድበትም። ካምፑን ከከተማ የመጣ ባለሀብት ቢይዘው በመጀመሪያው ዓመት ጠብ ይነሳል። ጫካውን ከመንግሥት ጋር ተፈራርመው የሚጠብቁት የገበሬ ማኅበራት፣ ዋቡብ የምንላቸው፣ በጃፓን የልማት ድርጅት ድጋፍ ከተደራጁ ቆይተዋል። የጫካ ቡናቸውንም አስመስክረው ሸጠዋል። እንግዳውን እነሱ ይቀበሉት፣ ገንዘቡንም እነሱ ይውሰዱት። ስለ ጸጥታ የሚነሳውን ስጋት አላቃልለውም፤ እያንዳንዱን የጫካ መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን ከእነሱ ሌላ የለም።

ለከተማችን ለራሷም ቦታ አለ። ዳር ላይ ባለው የቦዬ ረግረግ ጉማሬ እያለ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እያለ፣ ከባቡር የሚወርድ ቤተሰብ ለአንድ ሌሊት ድንኳን የሚተክልበት ስፍራ በጣቢያው ፕላን ላይ ቢሰመር ምን ይጎዳል?

ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሚመለከተውን አካል ጠይቃችሁ በጅማ መስመር ላይ ጣቢያዎቹ የት የት እንደታሰቡ በካርታ አውጡልን። ካርታው በወጣ በሳምንቱ የክበባችንን ልጆች ይዤ ቦታዎቹን በእግሬ አያለሁ፤ ሁለቱ ያደጉት ሸቤ ነው፣ ውሃው የሚተኛበትንና የማይተኛበትን ሜዳ ለይተው ያውቃሉ። ያየነውን ጽፈን እንልክላችኋለን።

የሥነ ሕይወት መምህር
ጅማ