ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ልጆቻችን ደህንነት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ብዙ ሰው በሚገድሉ ላይ ቅጣት ስለማክበድ ተማሪዎች ያካሄዱትን ክርክርና በየቤቱ የሚቀመጥ መሣሪያን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ «ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ተኩስ ከፍቶ ብዙ ሰው የገደለ ሰው ቅጣቱ ይክበድ ወይስ ያለው ይበቃል?» በሚል ርእስ ተከራክረዋል። በአሜሪካ ቅጣቱን ለማክበድ ስለቀረበ ረቂቅ ሕግ በስልካቸው አይተው ርእሱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ «ልጆቻችንን ስለ ግድያ ለምን ታወሯቸዋላችሁ?» ብላችሁኛል። የወላጅ ጥያቄ ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ወሬው ከከዚራ እስከ ሳቢያን በየልጁ ስልክ ውስጥ አለ። ብቻቸውን ከሚያዩት መምህር ባለበት ቢነጋገሩበት እመርጣለሁ።

ቅጣት ይክበድ ያሉት የአሜሪካዋን የፍሎሪዳ ግዛት ጉዳይ ይዘው ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በፓርክላንድ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ተገድለዋል። ከ12ቱ የጁሪ አባላት (ፍርድ ለመስጠት ከሕዝብ የተመረጡ ዜጎች) ሦስቱ በሞት ቅጣት ስላልተስማሙ ገዳዩ በ2022 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የሟቾች ቤተሰቦች አዘኑ፣ ተቆጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግዛቲቱ ሕጓን ለውጣ 8 የጁሪ አባላት ከተስማሙ የሞት ቅጣት እንዲወሰን ፈቀደች። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ለከባድ የግፍ አገዳደል ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ደንግጓል።

እኔም ቅጣቱ ይክበድ ከሚሉት ወገን ነኝ። ገበያ መሐል፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰው የጨፈጨፈ የሥራውን ማግኘት አለበት፤ ልጁን የቀበረ ወላጅም ፍርዱን በዓይኑ ሊያይ ይገባል። በክርክሩ ላይ ግን አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ሊሞት ቆርጦ የመጣ ሰው ቅጣቱን ምን ብሎ ይፈራል?» ብላ ጠየቀች፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ባልደረቦች ሲገደሉ ገዳዩ ራሱን አጠፋ። ከሟቾቹ አንዷ ርእሰ መምህሯ ነበረች። በ2022 እዚያው አሜሪካ፣ በዩቫልዲ ከተማ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሲገደሉ ገዳዩን ፖሊስ ገደለው። ሁለቱም ፍርድ ቤት አልቆሙም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዳይደርስብን ከቅጣቱ በፊት ያለውን ማየት አለብን። የሳንዲ ሁኩ ወጣት የተኮሰበት መሣሪያ የእናቱ ነበር።

የሰርቢያውማ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 በቤልግሬድ አንድ የ13 ዓመት ልጅ 9 ተማሪዎችንና የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ገደለ። መሣሪያው የአባቱ ነው፤ ካዝና ውስጥ ነበር ተብሏል፤ ግን ልጁ አወጣው። በአገሪቱ ሕግ 14 ዓመት ስላልሞላው ልጁን መክሰስ አልተቻለም። በእኛም ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለውም ላይ የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም። ስለዚህ ቅጣቱን የቱንም ያህል ብናከብደው እንዲህ ያለውን ልጅ አያገኘውም።

ለእኔ ለርእሰ መምህሩ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በኦክስፎርድ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 አንድ የ15 ዓመት ተማሪ በሒሳብ ወረቀቱ ላይ ሽጉጥና ደም የሚፈሰው ሰው ሥሎ፣ እርዱኝ የሚል ጽፎ መምህርቷ አየች። ትምህርት ቤቱ ወላጆቹን ጠራ፤ መጡም። ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱ ሲባሉ ሥራ አለብን ብለው ትተውት ሄዱ። አባትየው ከአራት ቀን በፊት ሽጉጥ የገዛለት መሆኑን አልተናገሩም። ከትምህርት ቤቱም በኩል ቦርሳውን የከፈተ የለም። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ አራት ተማሪዎችን ገደለ። ልጁ ዕድሜ ልክ፣ እናትና አባቱ ደግሞ በ2024 እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። እነዚያ ሰዎች ያን ጠዋት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ፣ አንድ ዚፕ ቢከፈት ኖሮ እላለሁ።

«ይህ የእኛ አገር ነገር አይደለም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አሁን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ የጥይት ቀለሃ አለ። የ5ኛ ክፍል ተማሪ ከእርሳስ መያዣው ውስጥ አውጥቶ ለጓደኞቹ ሲያሳይ የክፍል ኃላፊው ያገኘበት ነው። አፉ ተጨፍልቋል፤ በክር አንጠልጥሎ አንገቱ ላይ ሊያስረው ፈልጎ ነበር። ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው ከዘመድ ሰርግ ላይ ለቅሞ እንደሆነ ነገረኝ። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፤ አዋቂዎች ደስታቸውን በተኩስ ሲገልጹ አይቷል። በኢድና በፋሲካ ሰሞን የሚገዛላቸው ጥቁር የብረት ሽጉጥ ደግሞ ከሩቅ ላየው ጥበቃ ከእውነተኛው አይለይም። ለበዓል ኳስ ግዙላቸው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በሥራው ምክንያት ወይም በፈቃድ መሣሪያ ያለው ወላጅ ጥይቱን አውጥቶ ለብቻ፣ መሣሪያውን ለብቻ ይቆልፍ፤ ቁልፉን ከትራስ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን አናት አያስቀምጥ፤ ልጆች ያውቁታል። ወደ ግቢያችን ስትመጡ መሣሪያ ይዛችሁ አትግቡ፤ የደንብ ልብስ የለበሰም ቢሆን ለጥበቃው አስቀድሞ ይንገር። የክፍል ኃላፊ ስለ ልጃችሁ ሲደውልላችሁ በዚያው ቀን ኑ። ሥራ የማያስወጣችሁ ከሆነ አያት፣ አጎት፣ ታላቅ እህት ትምጣ። እኛም ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ ብለን እንጠይቃችኋለን፤ አትቀየሙን።

ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ የቦርሳ ፍተሻ ይኖራል። ሴት ተማሪዎችን ሴት ጥበቃ ትፈትሻለች፤ ማንም ልጅ በጓደኞቹ ፊት አይዋረድም። የግድያ ቪዲዮ የደረሳችሁ እንደሆነ ለሌላ አታስተላልፉ፤ ልጃችሁ ካየው ምን እንደተሰማው ጠይቁት፤ ስልኩን ነጥቃችሁ ብቻ ዝም አትበሉ።

ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር የምናደርገው ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ከ2፡00 እስከ 4፡00 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ደብዳቤው በኦሮምኛና በሶማሊኛ እንዲነበብላችሁ የምትፈልጉ ጸሐፊዋን ጠይቁ። ከታች ያለውን ቁራጭ ፈርማችሁ በልጃችሁ በኩል እስከ ዓርብ መልሱልን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር