«አንትሮፖሎጂ ዝርዝሩ ውስጥ የለም»፦ ግልጽ ደብዳቤ ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን

ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሶሻል አንትሮፖሎጂ ትምህርት በሥራ መደቦች ተፈላጊ ችሎታ ውስጥ በስም እንዲጠቀስ ስለመጠየቅ

ክቡራን የኮሚሽኑ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። «ጉዳዩ» ያልኩት ላይ እናንተ የለመዳችሁትን አጻጻፍ ተከትያለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን እንደምንጫወት አድርጋችሁ ስሙኝ።

ዘመድ ቤት ስሄድ «ምን ነበር ያጠናሽው?» ይሉኛል። «አንትሮፖሎጂ» ስላቸው ፊታቸው ይበራል። «አሃ፣ ድንቅነሽ!» ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ስትገኝ እኔ አልተወለድኩም። አጥንት የሚቆፍሩት የሙያ ዘመዶቻችን ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። እኔ የተማርኩት በሕይወት ስላለው ሰው ነው። ማን ከማን ይጋባል? መሬቱን ማን ይወርሳል? ሲጣሉ ማን ያስታርቃል? ሲሞቱስ ማን ይቀብራል? መጻሕፍት ላይ «ሥነ ሰብ» የሚለውንም ስም አይቼዋለሁ። ቃሉ ደስ ይለኛል፤ ግን ስጠራው ጭራሽ ማንም አይገባውም።

ዘመዶቼን አልቀየምም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ማስታወቂያ አወጣ። ሥራው በልማት ምክንያት ከቦታቸው የሚነሱ ሰዎችን ማወያየት፣ ቤተሰብ መቁጠርና ቅሬታ መቀበል ነበር። ሳነበው «ይሄ እኮ የእኔ ነው» አልኩ። ኦርጂናልና ኮፒ ይዤ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ጣቷን በወረቀቱ ላይ ቁልቁል አወረደች። ሶሺዮሎጂ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ጂኦግራፊ። ጣቷ መጨረሻ ላይ ደረሰ። «አንትሮፖሎጂ ዝርዝሩ ውስጥ የለም እህቴ። ብመዘግብሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» እውነቷን ነው፣ እሷ ምን ታድርግ?

የሚያስቀው ከሦስት ወር በኋላ የሆነው ነው። እዚያው ፕሮጀክት ላይ ገባሁ። በየቀኑ አበል የሚከፈለኝ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ።

እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚል አንድ መስመር ነበረው። አንድ ሽማግሌ ግቢ ገባን። ሦስት ሚስቶች አሏቸው። እያንዳንዷ የራሷ ጎጆ፣ የራሷ ማሳ፣ የራሷ ጎተራ አላት። ቅጹ ግን ለአንድ አባወራ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው የሚያውቀው። አብሮኝ የነበረው ልጅ የመጀመሪያዋን ጎጆ «መኖሪያ ቤት» አለ። ሁለተኛውን «ማድ ቤት» ብሎ ሞላ። ሦስተኛው «የከብት ቤት» ሆነ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ሌላ ምርጫ አልተሰጠውም። ወረቀቱ ሲነበብ ታናሿ ሚስት ብድግ አለች። «የእኔ ቤት ነው የከብት ቤት?» አለች። ዝም አልን። ምን ይባላል?

ካሳው ተሰልቶ በባልየው ስም ተመዘገበ። እንግዲህ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው በማን ቸርነት እንደሚኖሩ አስቡት። ይሄን ለማስተካከል ፒኤችዲ አያስፈልግም ነበር። ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃ ነበር፦ «በግቢው ውስጥ ለብቻዋ ምድጃ ያላት ሴት»። የእኛ ትምህርት ገና ከጅምሩ የሚያስተምረው ይህንን ነው። ቤተሰብ በጣሪያ አይቆጠርም፣ በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት ቤተሰብ ይኖራል፣ በሦስት ጣሪያ ስርም አንድ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቅጹ ሲዘጋጅ ወንበር ቢኖረው ኖሮ ያቺ ሴት ያን ጥያቄ ባልጠየቀችን ነበር። እኔ የደረስኩት ቅጹ ታትሞ፣ ተባዝቶ፣ ስቴፕል ከተደረገ በኋላ ነው።

ሕጉን አንስቼ ብሞግታችሁ አትቀየሙኝም። ስለ ካሳና ስለ ተነሺዎች መልሶ መቋቋም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከበፊቱ አንድ እርምጃ ሄዷል። ለቤቱና ለዛፉ ብቻ ሳይሆን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል ይላል። ሳነበው ተገረምኩ። መንግሥት «ዕድርህ ሲፈርስ፣ ጎረቤትህ ሲበተን ተጎድተሃል» ብሎ በሕግ አመነ ማለት ነው። ታዲያ ያንን ትስስር ማን ይለካዋል? የቤቱን ግምት መሐንዲስ ያወጣል። የባሕር ዛፉን የግብርና ባለሙያ ይቆጥራል። አንዲት አሮጊት ሃያ ዓመት የከፈለችበትን ዕድር፣ ስታጣ እፍኝ ሽሮ የምትበደርባትን ጎረቤት፣ ደቦ የሚወጣላትን ሰፈር ማን ነው የሚጽፈው? ሙያው አለ፣ ተመራቂውም አለ። መደቡ ነው የጠፋው።

ይህ አዲስ ችግር እንዳይመስላችሁ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። በወንዙ ዳር ሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተስፋፉ። በካርታው ላይ ለሚያይ ሰው መሬቱ ባዶ ነበር፤ ጎጆ የለው፣ አጥር የለው። ለአፋር አርብቶ አደር ግን የክፉ ቀን ቤቱ ነው። ዝናብ ሲኖር መንጋውን ሜዳው ላይ ያሰማራል፣ በበጋ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወንዙ ዳር ያለው ሣር ከተያዘ ሰፊው ሜዳ ብቻውን ዋጋ የለውም። የ1965 እና የ1966ቱ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ብዙው እርሻ ሆኖ ነበር። ያኔ በጥናቱ ወቅት አንድ ሰው ከአንድ የአፋር ሽማግሌ ጋር አንድ ዓመት ከብት ቢነዳ «ባዶ» የሚለው ቃል ከሰነዱ ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ዓለም ይህን የተማረው ዋጋ ከፍሎ ነው። የዓለም ባንክ መሐንዲስና ኢኮኖሚስት ሞልቶት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሚካኤል ቼርኔያ የሚባል ሶሺዮሎጂስት ቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1980 ባንኩ በግድብና በመንገድ ምክንያት ስለሚነሱ ሰዎች የመጀመሪያውን ፖሊሲ አወጣ። ዛሬ በባንኩ ብድር ሰው የሚያስነሳ ፕሮጀክት የሚሠራ ሁሉ የተነሺዎች ዕቅድ ያቀርባል። እዚህ ዕቅዱን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው አማካሪ ነው። ጽፎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ቅሬታው ግን እዚያው ወረዳው ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2019 ያንን ባንክ የመራው ጂም ዮንግ ኪም ራሱ ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም ነው። ጆሞ ኬንያታም ኬንያን ከመምራቱ በፊት ለንደን ላይ የተማረው ይህንኑ ትምህርት ነበር። (የአፍጋኒስታን ፕሬዚዳንት የነበረው አሽራፍ ጋኒም አንትሮፖሎጂስት ነበር። አወዳደቁ ለሙያችን ጥሩ ማስታወቂያ ስላልሆነ ቶሎ ልለፈው።)

ኢቦላን ታስታውሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ያዘ። በመጨረሻ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች አስከሬን በፕላስቲክ ጠቅልለው ሲወስዱ ቤተሰብ አስከሬን መደበቅ ጀመረ። ሳይታጠብና ሳይለቀስለት የሚቀበር ሰው ለእነሱ አልተቀበረም። አንትሮፖሎጂስቶች ከሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተቀመጡ። የትኛው ሥርዓት የግድ ነው? የትኛው ሊለወጥ ይችላል? በዚያው ዓመት ኅዳር ገደማ የዓለም ጤና ድርጅት የቀብር መመሪያውን ቀየረ። ከደህንነት ጎን «ክብር» የሚለው ቃል ገባ። ቤተሰብ በርቀትም ቢሆን ቆሞ መጸለይና መሰናበት ቻለ። ቀብር ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኛ አገር ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልግም።

እኛም ጋ እንዲህ ያለ ጥሩ ታሪክ አለ። እናቶች ጤና ጣቢያ እንዲወልዱ ስንት ተለፋ። መንገድ ርቀት ነበረው፣ ገንዘብም አልነበረም። ግን ሌላም ነገር ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ዘመድ አይገባም። በጀርባሽ ተኚ ትባላለች። ገንፎ የለ፣ ቡና የለ፣ «ማርያም ማርያም» የሚላት ሴት የለች። ይህ የታወቀው እናቶቹን ቁጭ ብለው የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከዚያ በየጤና ጣቢያው ገንፎ መገንፋት፣ ቡና ማፍላት ተጀመረ። የወላዶች ማቆያም ተሠራ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2011 በጤና ተቋም የተወለዱት ልጆች ከመቶ 10 ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። ገንፎው ብቻውን ነው ያመጣው አልልም። አምቡላንሱ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አሉ። ግን የገንፎውን ነገር ላብራቶሪ አያገኘውም።

ኮንዶሚኒየሙንም ላንሳ። ሲነደፍ የጋራ መገልገያ ቤት ተጨመረለት። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለበዓል ቅርጫ የሚታረድበት። ያንን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። ስንቱ የጋራ ቤት ዛሬ ሱቅ እንደሆነ ደግሞ ዞር ብሎ ማየት ነው። ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሐዘንተኛ ቤት እንግዳ በምን ይወጣል? በኮሪደር ልማቱ ሰፈር ለሚለቁ ዕድሮችም ጥያቄው ያው ነው። አባላቱ አምስት ሳይት ላይ ሲበተኑ ማን ማንን ይቀብራል?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለምና። አራት ዓመት ስንማር የትልልቅ ሊቃውንት ንድፈ ሐሳብ በቃል ሸመደድን። አንድም ቀን የካሳ ቅጽ ይዞ የገባ መምህር አላየሁም። ሁለት ገጽ የውሳኔ ሐሳብ መጻፍ የተማርኩት ከምረቃ በኋላ፣ ተሰድቤ ነው። ኃላፊ «ምን እናድርግ?» ሲል የእኛ ሰው «ጉዳዩ ውስብስብ ነው» ይላል። ውስብስብ መሆኑን እኮ እሱም ያውቃል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ካላስተካከሉ መደቡ ቢከፈትም እናሳፍራችኋለን።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች የተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር ሲያዘጋጁ፣ ከሕዝብ ጋር በቀጥታ በሚሠሩ መደቦች ላይ አንትሮፖሎጂን በስም እንዲጠሩ አሳስቡልን። «እና ተዛማጅ የትምህርት መስኮች» አይበቃም። መዝጋቢዋ ተዛማጁን በራሷ ሥልጣን አትወስንም፣ መወሰንም የለባትም። ስለ ተነሺ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቅርስ በሚሠሩት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ቢያንስ አንድ መደብ በጥናቱ ደረጃ ይከፈት። ሰው ከተነሳና ቅሬታ ከተከመረ በኋላ ሳይሆን፣ ቅጹ ሳይታተም። ሶሺዮሎጂስቱን አውጡልን እያልን አይደለም። አብረን እንወዳደር። ፈተና አውጡና ፈትኑን። ከወደቅን የወደቅነው እኛ ነን።

ይህን በምጽፍበት ሳምንት ሌላ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሥራው እንደዚያኛው ነው፤ ማወያየት፣ መቁጠር፣ ቅሬታ መስማት። የትምህርት ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አሁንም የለንበትም። ምዝገባው እስከ አርብ ነው። ኦርጂናልና ኮፒዬን ይዤ እሄዳለሁ። የመዝጋቢዋ ጣት ወረቀቱ መጨረሻ ላይ እስኪደርስ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሶሻል አንትሮፖሎጂ ተመራቂ